ውሸት የሚንጠለጠልበት እውነት

ፕሮፓጋንዳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከባዶ የተፈበረከ ውሸትን ነው። በጦርነት ጊዜ ጉልበት የሚያገኘው ግን ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቀው እውነትና በደረሰበት በደል ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ነው።

በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥርጭት የጀመረው የሁቱ ጽንፈኞች ሚል ኮሊን ሬዲዮ አድማጭ ያፈራው በሙዚቃና በቀልድ ነበር። ቱትሲዎችን የሚጠራበት «ኢንየንዚ» (በረሮ) የሚለው ስያሜም አዲስ አልነበረም፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ድንበር እየተሻገሩ ጥቃት ለሚፈጽሙ የታጠቁ የቱትሲ ስደተኞች ይውል ነበር። ሬዲዮው ያደረገው ቃሉን ከታጣቂው አንስቶ በጎረቤት ላይ መለጠፍ ነው። ከቱትሲ አማፅያን ጋር የነበረው ጦርነት እውነት ስለነበር ሽግግሩን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ሳይሆን አይቀርም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የጀርመን ጦር በ1914 ቤልጂየምን ሲወር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን ገድሏል፤ የሉቨንን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም አቃጥሏል። በ1917 የብሪታኒያ ጋዜጦች ጀርመኖች የገዛ ወታደሮቻቸውን አስከሬን እየቀቀሉ ስብ ያወጣሉ ብለው ጻፉ። መነሻው የእንስሳት በድን የሚቀነባበርበት ፋብሪካ ሲሆን፣ «ካዳቨር» የሚለው የጀርመንኛ ቃል የሰው ሬሳ ተብሎ ተተረጎመ። አንዱ ጋዜጣ ሌላውን እየጠቀሰ ወሬው ሲደጋገም፣ ድግግሞሹ ራሱ ማስረጃ መሰለ። ሉቨንን ያቃጠለ ጦር ይህንንስ ለምን አያደርግም ለሚል አንባቢ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ወሬ ማስተባበል የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐሰቱን ነቅሶ የሚያወጣ ሰው እውነተኛውን በደል የካደ ይመስላል፤ ወገኑን የቀበረ ሰው ደግሞ ይህን ልዩነት እንዲያጤን መጠየቅ፣ በእኔ እምነት፣ ከሚቻለው በላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህ እርማቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስተን ቻምበርሊን የሬሳ ፋብሪካው ወሬ መሠረት እንደሌለው በፓርላማ የተቀበሉት በ1925 ነበር።

ዕዳው ግን በዚያ አልተዘጋም። ናዚዎች ሰዎችን በጋዝ እየፈጁ መሆናቸው ለንደን ሲሰማ፣ አንድ ከፍተኛ የብሪታኒያ የስለላ ባለሥልጣን በ1943 ወሬው ያንን የቀድሞውን የሬሳ ስብ ውሸት እንደሚያስታውሳቸው ጻፉ። ኦሽዊትዝ የተባለው የናዚ የሞት ካምፕ የጋዝ ክፍሎች በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበሩ።