የመናገር ፈቃድ የለህም!

ኧረ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለሽ! ሦስት ቀን ሙሉ INN የሚባለውን የዜና ሰርቨር (የዩዝኔትን፣ የዚያን የድሮ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ መልእክቶች የሚያስተናግደውን ፕሮግራም) ልተክል ስታገል ከርሜ፣ ዛሬ ማታ ከላፕቶፔ ብገናኘው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «502፤ የመናገር ፈቃድ የለህም። ደህና ሁን።» እኔን? የተከልኩህን?

መጀመሪያ ገና ሲነሳ ይሞት ነበር። ለምን? የሂስትሪ ፋይሉን (የደረሱትን መልእክቶች የሚመዘግብበትን) በሩት፣ ማለት በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ስም፣ ሠርቼው ኖሯል። ጌታው ሰርቨር የሚሠራው ኒውስ በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው፤ ሩት ፈጥሮ የያዘውን ፋይል አይከፍትም። ጨዋ ነዋ! ታዲያ ይሄን ስክሪኑ ላይ ቢናገር ምን ነበረበት? የለም፣ ሎግ (የውሎ መዝገቡ) ውስጥ ቀብሮታል። ቾውን በሚባለው ትእዛዝ የፋይሉን ባለቤት ወደ ኒውስ ቀየርኩ። ተነሳ። እልል ልል ስል መብራት ጠፋ። (ባሕር ዳር ነን እንግዲህ።)

አሁን ደግሞ ይሄ። ፖርት 119፣ የዜና ሰርቨር መግቢያ በር፣ ክፍት ነው። የላፕቶፔን አድራሻ ሪደርስ ዶት ኮንፍ (ማን ገብቶ ማንበብ እንደሚችል የሚወስነው ፋይል) ላይ፣ አናቱ ላይ፣ አሳምሬ ጽፌያለሁ። እምቢ! ለካ ፋይሉን የሚፈትሸው ከታች ወደ ላይ ነው። ከታች ወደ ላይ! ግርጌ የረሳሁት «ለሁሉም» የሚል አሮጌ ብሎክ (የደንብ ክፍል) ቀድሞ ይይዘኛል፤ እሱ ደግሞ ምንም አይፈቅድም።

በዚህ ሦስት ቀን እኮ በታንኳ ዘጌ ተሻግሬ፣ ቡናዬን ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ አቦል ላይ በደረስኩ!