የሁሉም ነው?

መብራት ሲጠፋ የኛ ሰፈር ሰው መጀመሪያ ሻማ አይፈልግም። በር ይከፍታል። አንገቱን አውጥቶ ማዶ ያያል። ማዶው ጨለማ ከሆነ እፎይ ይልና «የሁሉም ነው» ብሎ ለቤተሰቡ ያበስራል። አዎ፣ ያበስራል ነው ያልኩት። ወጡ አልሞቀም፣ የልጁ ዩኒፎርም አልተተኮሰም፣ ስልኩ ሊዘጋ ነው። ግን የሁሉም ከሆነ ምን ችግር አለው?

ጉድ የሚፈላው ማዶ ሲበራ ነው። ያኔ ቆጣሪው ይደበደባል፣ ካርዱ አልቆ እንደሆነ ይታያል። ፌዝ ከፊውዝ የማይለይ ጎረምሳ ሁሉ ወንበር ላይ ይወጣል። «ለምን የኛ ብቻ?» የሚለው ጥያቄ እስኪመለስ እራት የሚበላ የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕዝብ ላይ ነው በግንቦት 2011 ፈረቃ የመጣው።

ነገሩን ለረሳ ሰው ላስታውስ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ጎደለ ተባለ። ለሱዳን የሚሸጠው ቆመ። ፋብሪካዎችም ፈረቃ ገቡ። ለእኛ ለቤቶች ደግሞ ቀኑ ሦስት ላይ ተከፈለ፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። እንደ ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። በረካው ላይ ግን በረከት የሚባል ነገር አልነበረም።

ዜናው ሲነገር ጅማ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ጅማ መቼ አይዘንብ! ቆርቆሮው ከመጮኹ የተነሳ «ውሃ አነሰ» የምትለዋን ለመስማት ራዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነበረብን።

በማግስቱ የሐጂ ሱቅ በረንዳ ሸንጎ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ጥቁር ሰሌዳ ከተነጠቁ ወዲህ የሚያስተምሩት ሲያጡ እዚያ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ያን ቀን ፊታቸው በራ። በዱላቸው ጭቃው ላይ መስመር ማስመር ጀመሩ።

«ይኸውላችሁ፣ ከጣሪያችሁ የሚወርደው አዌቱ ወንዝ ይገባል። አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይገባል። ከቦዬ ግልገል ጊቤ። እዚያ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። አልጨረሰም! 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ይሄድና ጊቤ ሁለት ላይ ሌላ 420። ከዚያ ኦሞ ገብቶ ጊቤ ሦስት፣ 1870!»

«ስለዚህ የኔ ጣሪያ ውሃ ሦስት ቦታ ይሠራል ማለት ነው?» አለ አንድ ደላላ።

«ልክ ነህ።»

«ታዲያ ኮሚሽኔ የታለ?»

ከት ብለን ሳቅን። መምህሩ ግን አልሳቁም። ግድብ ማለት ጎተራ ነው፣ በክረምት ይሞላል፣ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ ግንቦት ላይ ታቹ ይታያል፣ የዛሬ ዝናብ ዛሬውኑ አምፖል አያበራም እያሉ አስረዱ። እውነታቸውን ነው። ማን ሰምቷቸው! አንዱ «ቦዬ ያሉት ጉማሬዎች ጠጥተውት ይሆናል» አለና ወሬው ወደ ጉማሬ ዞረ። ሐጂ በዚህ መሀል አንድ ካርቶን ሻማ ሸጡ።

የኛ ልዩ መከራ ሌላ ነው። ወደ ጅሬን የሚያወጣው መንገድ ሰፈራችንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የወዲህና የወዲያ መስመር ለየብቻ ነው። እኛ በአንዱ ፈረቃ፣ ማዶ በሌላው። ይህን የደለደለው ሰውዬ የጎረቤት ነገር የገባው አይመስለኝም። ሁላችንንም አንድ ላይ አጨልሞ ቢያስተኛን ኖሮ «የሁሉም ነው» ብለን ክረምቱን እንከርም ነበር። እሱ ግን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ብርሃን አሳየን።

(ሰውዬ የምለው እንዲሁ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው አንድ ሰውዬ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ማብሪያ ማጥፊያውን በጣቱ እንደሚጫን ነው። ሲያበራ «እደግ!» ሲያጠፋ «እጁን ይቁረጠው!» ይባላል። ስንት ጊዜ እንዳደገና ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ እሱ ራሱ ይቁጠረው።)

ከማዶዋ እትዬ የባሰ ግን የለም። ከደጃችን ትይዩ ነው የሚኖሩት። የልጅ ልጃቸውን አሮጌ ደብተር ወሰዱና ሂሳብ ያዙ። የኛ መብራት ሲመጣ ይጽፋሉ፣ ሲሄድ ይጽፋሉ። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ፣

«እንደምን አደራችሁ፣ ትናንት 20 ደቂቃ ቀድሞ መጣላችሁ» ይሉኛል።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ማክሰኞ ዕለትም ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሄደባችሁ።»

ዕዳ እንዳለበት ሰው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ዘመድ ጥየቃም በፈረቃ ሆነ። ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማ የባለቤቴ የአጎት ልጆች ከፈረንጅ አራዳ ድረስ «ናፈቃችሁን» ብለው መጡ። ሳመናቸው። ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ግድግዳውን ሶኬት ፍለጋ ዞረ። ናፍቆቱ ሦስት ስልክና አንድ ላፕቶፕ ነበር። መቶ ሲሞላ ተነሱ፤ ቡናው ገና ቶና ላይ ነበር።

ያን ዓመት ደግሞ ፈረቃው የመጣው ረመዳን ገብቶ ነው። ማታ ጨለማ የደረሰበት ቤት የሚያፈጥረው በፋኖስ ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ቤት ተጠርቼ ሳምቡሳ በዳበሳ በላሁ። ምስር ነው ሥጋ የሚታወቀው ከነከሱት በኋላ ነው። ቃሪያውማ ከነከሱትም በኋላ አይታይም፣ በእንባ ነው የሚታወቀው። ሐጂ ሳቁብኝና «ጨለማ ላይ ሁሉም ሳምቡሳ እኩል ነው» አሉ። ከማዶ ወዲህ ያለውን የሐጂን ቤት እትዬ በደብተራቸው መዝግበውት ይሆን እያልኩ አሰብኩ። መዝግበውታል፤ በኋላ ነገሩኝ።

ስለ ምጣድ ሳላወራ ባልፍ ቤቴ አያስገቡኝም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ተራችን ሲደርስ የመስመሩ ሴቶች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ምጣድ ይጥዳሉ። ምን ያድርጉ፣ ሊጡ ደርሷል፣ ነገ ከቆየ ይሆመጥጣል። ያኔ ኃይሉ ይወርዳል። አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ እንደ ኩራዝ ጫፍ ቀይ። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ምጣዱ ላይ ተዘርግቶ ዝም ብሎ ያይሃል። ባለቤቴ ክዳኑን አንስታ አየችውና «ይሄ እንጀራ ሳይሆን ሻሽ ነው» አለች። በላነው። ሻሽም ቢሆን በሽሮ ይበላል።

እንግዲህ ወደዚያች ማታ ልምጣ።

ተራው የእኛ ጨለማ ነበር። ሻማችንን ይዘን፣ እራታችንን በጊዜ በልተን ተቀመጥን። ሰዓቱ ደረሰ። መብራቱ ግን አልሄደም። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። በመጋረጃው ጫፍ ወደ ማዶ አጮለቅሁ። ድቅድቅ! ያ ሰውዬ ተሳስቶ የነሱን ነው ያጠፋው።

ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የበረንዳውን አምፖል አጠፋሁ። መጋረጃውን በሁለት መርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘጋሁት፤ ልጆቹ ዜና አንባቢውን እንደ ዓሣ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አዩት። ከዚያ ደግሞ፣ ስነግራችሁ አፍራለሁ፣ ሻማ ለኩሼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ለማዶ። በሙሉ መብራት ውስጥ ሻማ!

ባለቤቴ «አንተስ አበድክ» ብላ ኩሽና ገባች። የመስመሩ ሰው ጨለማ ነው ብሎ ተኝቷል፤ ኃይሉ ሞልቶ ተርፏል። እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴ ነው። ምጣዷን ጣደች። ዓይኑ የበዛ፣ ጢሙ የረዘመ፣ የምርቃት እንጀራ መውጣት ጀመረ።

አስረኛው ላይ ከመንገዱ ማዶ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ!»

እትዬ ናቸው። ልጆቹ እኔን አዩ። ባለቤቴ ሰፌዷን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«አቤት፣ እትዬ!»

«የሁሉም ነው?»

ሻማዬን አየሁ። ቴሌቪዥኑን አየሁ።

«አዎ፣ የሁሉም ነው፣ እትዬ!»

ዝም አሉ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ትኩስ እንጀራ፣ ያውም ጭስ ጭስ የማይል። እሳቸው ደግሞ የማገዶ እንጀራ ሽታ ከኤሌክትሪኩ የማይለዩ ሴት አይደሉም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ደህና እደሩ።»

ትንፋሼን ሳልመልስ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። በአንድ እጃቸው ፋኖስ፣ በሌላው አንድ ባልዲ ሊጥ ይዘዋል። ደብተሩ ብብታቸው ስር ነው። በኔ ትከሻ ላይ አሻግረው አምፖሉን አዩ፣ ሻማውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ኧረ ይግቡ፣ እትዬ…»

ፋኖሱን እፍ ብለው አጠፉና አስያዙኝ።

«የሁሉም ነው አላልክም?» አሉና ወደ ኩሽና አለፉ።