ለማይጽፉ ጸሐፊዎች የቀረበ ምስጋና

እስቲ ዛሬ እንኳን ሰው እናመስግን። ሐሜቱ ሰለቸን። የማመሰግነው ስለ ሌሎች ጥበበኞች አሠራር አጥንቶ የማይጠግበውን ጸሐፊ ነው። ሠዓሊው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ሙዚቀኛው ምን እንደሚጠጣ አንድ በአንድ ያውቃል። ልብ ወለዱስ? ይደርሳላ! ምን አስቸኮለን?

የሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን ከሰዓት በኋላ በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር፤ ከኪሱም ወረቀትና እርሳስ አይጠፋም። የኛ ሰው ይህን እንዳነበበ ደብተር ገዛ። ምን የመሰለ ደብተር! ሽፋኑ ቆዳ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ዕልባቱ ቀይ ክር። በእግሩም ይሄዳል፣ አይካድም። ደብተሩ ግን እስካሁን ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በጽሑፍ ይበላሻል እንዴ? ቤትሆቨን አያያዝ አያውቅም ነበር። በእጁ የጻፋቸውን ገጾች ላየ ያሳዝናል። ይሰርዛል፣ የሰረዘውን ይመልሳል፣ ደግሞ ይሰርዛል። የአምስተኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ንድፎች እ.ኤ.አ. በ1804 ገደማ ተጀምረው ሥራው ቪየና ላይ ለሕዝብ የቀረበው በ1808 መጨረሻ ነው። የኛ ሰው ግን አንዴ የጻፋትን ዓረፍተ ነገር አይነካትም። «ስሜቱ ይጠፋል» ባይ ነው።

ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ሞኔንም ይወዳል። ሞኔ በ1890 እና በ1891 የእህል ክምር ብቻ 25 ያህል ሸራ ላይ ሥሏል። ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ሌላ ያነሳል፤ ያው ብርሃን ሲመለስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የኛ ሰው የመጀመሪያዋን ግማሽ አሳምሮ ተምሯል። ስሜቱ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ፋይል ይከፍታል። «ምዕራፍ አንድ»፣ «ምዕራፍ አንድ አዲሱ»፣ «ምዕራፍ አንድ የመጨረሻ»፣ «ምዕራፍ አንድ የእውነት የመጨረሻ»። ምዕራፍ ሁለት የለም።

ዳንሰኞችን ብዙም አያነሳም። የባሌት ዳንሰኛ ስሟ የቱንም ያህል ቢገን በየቀኑ መደገፊያ ዘንጉን ይዛ የምትጀምረው ያቺኑ ጀማሪ የሚማራትን ጉልበት ማጠፍ ነው። ይሄ ምኑ ይወራል?

ሠዓሊው ማቲስ ግን ተመችቶታል። ማቲስ በ1935 አንዲት ጋደም ያለች እርቃን ሴት ሲሥል ሥራውን በየደረጃው ፎቶ ያነሳው ነበር። 22 ፎቶ አለ። በተራ ላያቸው ሰው፣ የሴትዮዋ አካል እየተለጠጠ፣ የክፍሉ ዝርዝር እየረገፈ ሲሄድ ይታየዋል። ለወራት ሲያፈርስ ሲገነባ ነው የከረመው። ከዚህ ሁሉ የኛ ሰው ፎቶ ማንሳቱን ያዘ። ጠረጴዛው፣ መብራቱ፣ ስኒው፣ ያ ደብተር፣ ከሥር «በሥራ ላይ»። ላይኩ ይዘንባል።

ሠዓሊውና ቀራጺው ማይክል አንጄሎ በ1564 ከመሞቱ በፊት ብዙ ንድፎቹን አቃጥሏል፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቫሳሪ እንደሚለው ልፋቱን ሰው እንዳያይበት ነው። ድሮ ቀረ! እሱ ልፋቱን ደብቆ ሥራውን አሳየ። የኛው ዘመናዊ ልፋቱን አሳይቶ ሥራውን ደብቋል።

አሁን ደግሞ ስለ ፈጠራ ሂደት ለሌሎች ጸሐፊዎች ስልጠና ሊሰጥ ነው አሉ። ተመዝጋቢው ከወዲሁ ሞልቶ ተርፏል። «መጽሐፍህ የታለ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም።