የቦቱ ምላስ እስከ የት ነው የተሰፋው?
ስለ አደን ቦት አመራረጥ ያነበብኩት ጽሑፍ ቀለል ያለና ውሃ የማያስገባ ቦት ምረጡ ይላል፤ ምክሩ ልክ ነው፤ እግር ላይ ያለ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ያደክማል። ግን ጽሑፉ የቦቱን ቁመት ብቻ አንስቶ ምላሱን (ከማሰሪያው ስር ያለውን፣ ጎንና ጎኑ ከቦቱ ጋር የሚሰፋውን ቁራጭ) ዘሎታል። ውሃ የሚገባው እኮ ቦቱ አናት ላይ ሲደርስ ሳይሆን የምላሱ የጎን ስፌት በሚያልቅበት ነው። ቁመቱ 25 ሳንቲሜትር ሆኖ ስፌቱ 15 ላይ ካበቃ፣ ጅረት ስትሻገሩ ያላችሁ 15ቷ ብቻ ናት። ከመግዛታችሁ በፊት ማሰሪያውን ፈታ አድርጋችሁ በጣታችሁ ዳብሱት።

ደግሞ 400 ግራም የሚል ተጽፎበት ስታዩ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እሱ የጫማው ክብደት አይደለም፤ ሙቀት የሚይዘው ገበር በካሬ ሜትር የሚመዝነው ነው። ብርድ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያደባ ይሆናል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን እግር ያልባል፣ ካልሲው ከውስጥ ይረጥባል፣ ያኔ ጎርቴክስም (ውሃ የማያስገባ ግን ላብ የሚያስወጣ ስስ ገበር) አያድንም (የጎማ ቦትማ ባይነሳ ይሻላል)። የውጪው ቆዳ ውሃ መምጠጥ ከጀመረም ላቡ መውጫ ያጣል፣ ጫማውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሃ መከላከያውን በየጊዜው ቀቡት። ሲርስ ደግሞ እሳት ዳር አታድርቁት፣ የሶሉ ማጣበቂያ ይለቃል።