ደህናውን ጨርቅ ቀዶ መስፋት

ጤነኛ ሰው ደህና ጨርቅ ገዝቶ አይቀድድም። ኩዊልት፣ ማለትም ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ፣ ሊሰፋ የተነሳ ሰው ግን ይቀድዳል። አዲስ ጨርቅ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ በማስመሪያ አስምሮ፣ ትንንሽ አራት ማዕዘን እያደረገ ይቆራርጠዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መልሶ ይገጣጥመዋል። ሲጨርስ በእጁ ያለው ጨርቅ ከገዛው ያንሳል። ደስታው ግን ልክ የለውም።

ነገሩ ሲጀመር የቁጠባ ሥራ ነበር። ካረጀ ሸሚዝ የተረፈ፣ ለልጅ ካጠረ ቀሚስ የተቆረጠ ጨርቅ ይሰበሰብና ይገጣጠማል። የተገጣጠመው ከላይ ይሆናል፣ መሀሉ ላይ ሙቀት የሚይዝ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል፣ ከስር ገበር ይደረጋል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ሲያልፍባቸው ብርድ ልብስ ሆነ። ዘንድሮ ግን አሮጌው ሸሚዝ ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር ይቀመጥና አዲሱ ጨርቅ ይቀደዳል። ለምን ሲባል፣ የአሮጌው ቀለም ከክፍሉ ጋር «አይሄድም»።

ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። በትራስ ልብስ ጀምር። ጥቂት ቀጥ ያሉ ስፌቶች ናቸው፣ ቢበላሽም ትራሱ ተኝቶበት የሚሸፍነው ሰው አያጣም። ይህን ምክር የሰማ ጀማሪ ግን እስካሁን አልተገኘም። የትራስ ልብስ ለማን ይወራል? ጀማሪ ጨርቄን ማቄን ሳይል የሚነሳው ለሁለት ሰው አልጋ ነው። የሚሰፋው ብርድ ልብስ አይደለማ። የሚሰፋው «እኔ ነኝ የሰፋሁት» የምትለዋን አረፍተ ነገር ነው። እሷን ደግሞ በትንሽ ጨርቅ መናገር አይመችም።

ኩዊልት ላይ ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ የሚተወው የተለመደ ስፋት ሩብ ኢንች ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲያልፍ «ምን አላት?» ይባላል። ሂሳቡ ግን ይቅር አይልም። እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ቁራጭ ስለሚይዝ የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ረድፍ ላይ 10 ስፌት ካለ 2 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ቀጣዩ ረድፍ የሚሰፋው ሰው ደህና እንቅልፍ ባገኘበት ቀን ከተሰፋ፣ ሁለቱ ረድፎች አይገጥሙም። ጀማሪ ታዲያ ምን ያደርጋል? ይጎትታል። ጨርቅ ሲጎትቱት እሺ ይላል። ቂሙን የሚያወጣው አልጋ ላይ ሲነጠፍ፣ መሀሉ አብጦ ነው።

ካውያውም አለ። ከስፌቱ እኩል ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፤ ይህን ግን አስቀድሞ የሚናገር የለም። ደግሞም ሸሚዝ እንደሚተኮሰው ወዲያ ወዲህ መግፋት አይደለም፤ ጫን፣ አንሳ፣ ጫን፣ አንሳ ነው። ከተገፋ ቁራጩ ይለጠጣል።

ወደ ማሽኑ እንለፍ። የስፌት ማሽን ሁለት ክር ይጠቀማል። አንዱ ከላይ በመርፌው ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ከትንሿ ጥቅል ይመጣል። ሁለቱ ጨርቁ መሀል ላይ ይቆላለፉና ስፌት ይሆናሉ። ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ግን ይህን አይደለም። ከጨርቁ ስር የተከመረ የክር ውጥንቅጥ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ይኼኛው አብሮ ያሰረው ማሽኑን ራሱን ነው። ውጥንቅጡ ከታች ስለሆነ ሁሉም የታችኛውን ክር ይወቅሳል። ይፈታዋል፣ ይገለብጠዋል፣ እንደገና ያጠነጥነዋል፣ በሌላ ቀለም ይቀይረዋል። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከላይ ነው። የላይኛው ክር ሲገባ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ከነበረ፣ ክሩን የሚወጥሩት ዲስኮች ተጋጥመው ይቆያሉ፤ ክሩም መሀላቸው አይገባም። ስለዚህ ማንም ሳይቆጣጠረው ዝም ብሎ ይወርዳል። መፍትሔው እግሩን ማንሳትና ክሩን ከመነሻው እንደገና ማስገባት ነው። ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ቅጣቱ ከታች ላለው መድረሱ፣ መሥሪያ ቤት ውሎ ለሚያድር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ማሽኑ ሰው ማናደድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ባርተለሚ ቲሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በፈረንጆቹ 1830 ለስፌት ማሽኑ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ፓሪስ ውስጥ የተተከሉለትን ማሽኖች ግን ሥራችንን ይቀማናል ብለው የሰጉ ልብስ ሰፊዎች ወርረው ሰባበሯቸው። ታሪክ የሚነግረን ምክንያት ይህ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ከማሽን ስር ክር የሚነቅል ጀማሪ ግን «ሌላም ምክንያት ነበራቸው» ብሎ ይጠረጥራል። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የየራሳቸውን መብት አስመዘገቡ። የሲንገር ኩባንያ በዚያው በ1850ዎቹ ማሽኑን በየጊዜው እየተከፈለ በሚያልቅ ዱቤ መሸጥ ጀመረ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ዕዳ መግባት እንግዲህ የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም።

የቤቱን ሰላም የሚያናጋው ግን ማሽኑ ሳይሆን መቀስ ነው። ወረቀት የጨርቅ መቀስን ስለት ያደነዝዛል። ይህን የሚያውቀው የሚሰፋው ሰው ብቻ ነው። ለተቀረው ቤተሰብ መቀስ መቀስ ነው።

«መቀሱ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«የጨርቁ!»

«ኧረ አለ፣ እኔ ካርቶን ብቻ ነው የቆረጥኩበት።»

«ብቻ» የምትለዋ ቃል እንደዚህ ቀን ከብዳ አታውቅም። ከዚያ በኋላ መቀሱ ይደበቃል። ቀጥሎ የደበቀው ሰው ራሱ የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል። ቤተሰቡ በሙሉ ይፈተሻል።

አልጋው ሲለብስ ዓይን ወደ መስኮቱ ይዞራል። የመስኮት መጋረጃ፣ በተለይ ወደ ላይ እየተጣጠፈ የሚሰበሰበው ዓይነት፣ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጨርቅ፣ ገበር፣ በእኩል ርቀት የሚገቡ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከጀርባ የሚሰፉ ትንንሽ ቀለበቶች፣ በቀለበቶቹ የሚያልፍ ገመድ። ገመዱን ስትስበው ይታጠፋል። በቃ።

ችግሩ መስኮቱ ነው። መስኮት ትክክለኛ አራት ማዕዘን ነው ብሎ የሚያምን ሰው መስኮት ለክቶ አያውቅም። ወርዱ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች መለካት አለበት፤ ሦስቱም የመለያየት ልማድ አላቸው። መጋረጃው በክፈፉ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። የጨርቅ ሜትር ደግሞ በአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል፤ ለመስኮት የብረቱ ይሻላል። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ የሚለው ምክር መልካም ነው። ባልና ሚስት ተጋግዘው አሥር ጊዜ ሲለኩ ግን አሥር ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ክርክሩ ስለ መስኮት መሆኑ ያቆማል። «አንተ መቼ አዳምጠህ ታውቃለህ?» ይመጣል። የሠርግ ወጪ ይነሳል። የአማት ስም ይጠራል። መስኮቱ ዕራቁቱን ያድራል።

እንደምንም ተለክቶ ተቆረጠ እንበል። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ውኃ ሲነካው ከመቶ 3 እስከ 5 ሊገባ ይችላል። ሁለት ሜትር የነበረው መጋረጃ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይወጣና ጎረቤት ከስር አጮልቆ ያያል። ቀለበቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ደግሞ መጋረጃው ሲሳብ አንድ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይወጣል። ባለቤቱ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ «ሆን ብዬ ነው፣ አሁን ፋሽኑ እንደዚህ ነው።»

አንዷን ነገር ግን ሳልቀልድ ልበል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የተንጠለጠለ የመጋረጃ ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ወይ ገመድ የሌለው ዓይነት ይሰፋ፣ ወይ ገመዱ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ይታሰር። የሕፃኑ አልጋም ከመስኮቱ ይራቅ።

አሁን እንግዳ ይመጣል። እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳያይ ያደንቃል፤ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ፊቱ ያለው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ሁለተኛው ብርድ ልብሱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። እሱን ፍሩት። የሚገርመው ግን ሰፊው ራሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ ጣቱን ይቀስራል። «እዚህ ጋ ትንሽ ተዛብቷል፣ አየኸው?» ያየ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሁሉም ያየው እሱን ብቻ ነው።

በስጦታ የተሰጠው ኩዊልት ዕጣ ሌላ ነው። ተቀባዩ እንባ አውጥቶ ያመሰግንና ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። «እንዴት ይሄን ተኝቼበት ላበላሸው?» ይላል። ወራት ተለፍቶበት የተሰፋው ብርድ ልብስ የሚያሞቀው ሌሎች ብርድ ልብሶችን ነው።

ቤቱ ውስጥ ማሽን መኖሩ ከተሰማ ደግሞ ዘመድ ፌስታል ይዞ መምጣት ይጀምራል።

«አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ይቺን ሱሪ አሳጥሪልኝ» ይላሉ አክስት። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።»

«እሺ አክስቴ፣ ያስቀምጧት።»

«ዚፑም ተበላሽቷል። እግረ መንገድሽን...»

እግረ መንገድ የሚገጠም ዚፕ የለም። ሱሪው ጂንስ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለው መርፌ የተራ ጥጥ ነው፣ ቁጥር 80። ቁጥሩ ውፍረቱን ይናገራል፤ 80 ማለት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጂንስ 90 ወይም 100 ይፈልጋል። የጂንስ እጥፋት አራት ድርብ በሚሆንበት ቦታ ላይ ቀጭኑ መርፌ «ቀጭ» ይልና ለሁለት ይሰበራል። ልጅቱ ሱሪውን በፌስታል ጠቅልላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት ሰፈር አልፎ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሄዳለች። ከፍላ ታስጨርሳለች።

አክስት ሱሪውን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ዚፑን ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«አላልኩሽም? ቀላል ናት። ነገ የአጎትሽን ኮት ይዤ እመጣለሁ።»