አይቡ ለምን ጎማ ሆነ?

የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ደሴ። ሦስት ጎረቤታሞች ከዶሮ ወጡ ቀድሞ ለእንግዳ በሚቀርበው አይብ ላይ ተከራከሩ። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዓልን አብሮ ይውላል፤ ሥጋው በየእርዱ ይለያል፣ አይቡ ግን ከአንድ ሳህን ይበላልና መበላሸቱ ያሳስባል።

ነገሩን ያነሳችው ወጣቷ ናት። «እትዬ፣ አሬራውን ጥጄ ፈላ ሲል አወረድኩት። አይቡ እንደ ጎማ ሆኖ በእጄ አልፈረፈር አለኝ። አሬራው ይሆን?»

«አሬራው ምን አደረገሽ!» አሉ ትልቋ። «እሳቱ ነው እንጂ። አሬራ ቀድሞውን ኮምጥጦ ረግቷል፤ ሙቀቱ መሰብሰብ ብቻ ነው ሥራው። ሲበዛበት ይጨማደድና ይደርቃል። ለስላሳ ፍም ላይ ጣጂው፣ ጣት የሚያቃጥል ግን የማይፈላ ይሁን። አታማስይው፣ ይደቅና ከአጓቱ ጋር በጨርቁ ያልፋል። አይቡ ሰብሰብ ብሎ ሲንሳፈፍ፣ አጓቱም ጠርቶ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ አውርጂው። እዚያው ድስቱ ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚጠለለው።»

«አጓቱ ነጭ ሆኖ ቢቀርስ?»

«ወተቱ ሳይኮመጥጥ ተንጧላ! ባቲ ሙቀት ነው፣ ቶሎ ይረጋል። የደሴ ብርድ ግን አንድ ሁለት ቀን ይጨምርበታል።»

ሆቴል ቤት የሚሠራው ጎረቤታቸው አልተዋጠለትም። «1 ኪሎ አይብ ለማውጣት 8 ሊትር አሬራ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ከየት ይመጣል? 4 ሊትር ወተት አፍልቼ አወርድና ግማሽ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረግሁ እጨምርበታለሁ። ሲቆራረጥ አጥልዬ በቀዝቃዛ ውኃ አለቀልቀዋለሁ፣ የሎሚው ጣዕም ይለቀዋል።»

«ወንድሜ፣ እሱ ቅቤው ያልወጣለት ነው፤ የአሬራውን ቃና ከየት ያመጣዋል?»

«ቅቤው ስላልወጣ አይደል የሚለሰልሰው!»

ወጣቷ ጎመኑንና ጨውን ማታውኑ ከአይቡ ጋር ቀላቅላ ለማደር ስታስብ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «እንዳታደርጊው!» አሏት። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነበር። ትልቋ ጨው ውኃ ያወጣል አሉ፤ እሱ ያልተጨመቀ ጎመን ነው የሚያወረዛው አለ።

እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ በእጅ ጥብቅ ተደርጎ ተጨምቆ፣ ደቅቆ ይከተፍና ለብቻው ይደር። አይቡም በጨርቅ ተንጠልጥሎ ይደር። የሚቀላቀሉት ሊቀርቡ ሲሉ ነው። በአይቡ ግን ለትልቋ እፈርዳለሁ፤ የሎሚው ወተት ለቸገረ ቀን ጥሩ ነው፣ የበዓሉ አይብ ግን የአሬራ ነው። ቅቤው ስለወጣለት ብቻውን ደረቅ ይላል፤ ለ1 ኪሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ንጥር ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ለሚወድ ትንሽ ሚጥሚጣ ይበቃዋል። ልኩን መያዝ ግድ ነው፤ ዋዜማ ላይ የምትሠራዋ ጿሚ ናት፣ መቅመስ አትችልም። ቅቤው ትኩስ ከሆነ አይቡን ያረጥበዋል፣ ይጠንቀቁ።

ሲቀርብ ስስ እንጀራ ላይ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጣት ስፋት ይቆረጥ። ቀድሞ ከተጠቀለለ እንጀራው ይርሳል። ኢድ በጾም ቀን ከዋለ ደግሞ ለጿሚው ጎረቤት ከጎመኑ አይብ ያልነካው፣ በዘይት የተሠራ ለብቻው ይቀመጥለት።