ሰኞ እንነሳለን

የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሁድ ውሃ ለማየት ቢሾፍቱ ይወርዳል። በባለ ሸራ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎች ደግሞ ሳምንታት ሙሉ ውሃ ብቻ ሲያዩ ከርመው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለማየት መሬት ይወርዳሉ።

ያገኘኋቸው ሆርታ ነው። አትላንቲክ መሃል ካሉት የአዞረስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በፋያል ላይ ያለች የፖርቱጋል ከተማ ናት። ከካሪቢያን ተነስቶ በባለ ሸራ ጀልባ አትላንቲክን የሚሻገር ብዙ ሰው፣ ወደ አውሮፓ ሲመለስ በግንቦትና በሰኔ እዚያ ያርፋል። እኔ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። ይህን ስነግራቸው ትንሽ አዘኑልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽርሽር አለ ብዬ ቁርሴን ሳልጨርስ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወደብ፣ ወደ ማሪናው፣ ሮጥኩ። ከባሕሩ ማዶ የፒኮ ተራራ 2,351 ሜትር ሆኖ ተገትሯል። ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ሁሉም ላውንደሪ ተሰልፏል። ጨው የገባበት ልብስ እርጥበት ስለሚስብ፣ ጨው በሌለው ውሃ ካልታጠበ በደንብ አይደርቅም። ስለዚህ ወረፋውን ማንም ለነፍስ አባቱም አይለቅም። ብቻዋን ውቅያኖስ ያቋረጠች ሴት፣ ከፊቷ ሊገባ የሞከረ ሰው ላይ ስትጮህ ሰምቼ የሰፈሬ ቦኖ ውሃ ትዝ አለኝ።

ስም ደግሞ የላቸውም። የሚጠሩት በጀልባቸው ነው። ጀልባዋ ሉና ከሆነች ባልየውም ሚስትየውም “ሉናዎቹ” ናቸው፤ እኛ ጋ “የአቤል እናት” እንደምንለው። የአባታቸውን ስም የሚያውቅ የለም። ሽንት ቤታቸው ስንቴ እንደተደፈነ ግን የማያውቅ የለም። እኔ ጀልባ ስለሌለኝ “የሆቴሉ” ተባልኩ።

አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሼ ልላቸው ምንም አልቀረኝም። “ባሕር የገባሁት ከጎረቤት ለመገላገል ነው” አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የተዋሱትን መሰርሰሪያ ለጎረቤት ጀልባ ሊመልሱ እየሄዱ ነበር። ተመልሰው የመጡት ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቡና ጠጥተው ነው።

ማታ ፒተር ካፌ ስፖርት ገባን። ከ1918 ጀምሮ ባሕርተኛ የሚያስተናግድ ቤት ነው፤ ደብዳቤያቸውን ሳይቀር ተቀብሎ ያስቀምጥላቸው ነበር። አንዱ “40 ኖት ነፋስ መታን” አለ፤ ኖት የባሕር ሰው ፍጥነት የሚለካበት ነው። ሌላው እሱን 50 መታው። በአራተኛው ጂን ቶኒክ ነፋሱ 70 ደረሰ። ሲወጡ ይንገዳገዳሉ። መሬቱ ገና እንደ ጀልባ ስለሚወዛወዝብን ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። ግን ቅድም ሲገቡ ቀጥ ብለው ነበር።

እሁድ ጥብስ ተጠበሰ፤ ነጭ አይብም ቀረበ። እኔ ተጠነቀቅኩ። ጆሹዋ ስሎከም የሚባል ባሕርተኛ ብቻውን በጀልባ ዓለምን ሊዞር ወጥቶ በ1895 እዚሁ ፋያል አርፎ ነበር። ሲነሳ የሰጡትን ነጭ አይብና ፕሪም ባሕር ላይ በላና ሆዱን ቆረጠው። ራሱን ስቶ ሲነቃ፣ ከኮሎምበስ መርከቦች የአንዷ፣ የፒንታ፣ መሪ ነኝ የሚል ሰው የጀልባውን መዘውር ይዞለት አየ። ሰውዬውን ማን ሰደደው ብትሉ፣ አይቡ ነዋ።

ከጥብሱ በኋላ ሉናዎቹ ቀለም አወጡ። በማሪናው ግንብ ላይ ሥዕሉን ሳይተው የሄደ ክፉ ዕድል ይከተለዋል ይባላል። በሳተላይት መንገዱን የሚያይ ሰው ተንበርክኮ ዓሣ ሲስል አየሁት። ድመት ይመስላል። ዝም አልኩ።

መነሻው ያን ዓርብ ነበር አሉ። ግን የባሕር ሰው ዓርብ ጉዞ መጀመር አይወድም። ቅዳሜ ልብሱ አልደረቀም። እሁድ ቀለሙ አልደረቀም። “ሰኞ እንነሳለን” ተባለ። ተቃቀፍን። ትንሽ ቆመን አወራንና እንደገና ተቃቀፍን።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ሉናዎቹ ላውንደሪ ተሰልፈዋል። ነፋሱ አልተመቸም። ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ ሻንጣዬን አይተው ተገረሙ።

“ምነው የሆቴሉ፣ ተቻኮልክ?”